ሰርዶን ያለበሰችው ይታክቱ

በጉልበት እምቢ ያለ ነገር በዘዴ ሲሸነፍ፣ ያገሬው ሰው ፈገግ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል እንጂ ከይታክቱ ጓሮ መውጣቷን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ይታክቱ ባሏ ሲሞት የቀሩላት ንቦቹና ጓሮው ነበሩ። ጓሮውን ግን ሰርዶ ወረሰው። ቆፍራ ብትነቅለው ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል። ለንቡ የሚሆን አበባ እየጠፋ ሄዶ አንዱን ቀፎ ንቡ ጥሎት ሄደ፤ ያን ቀን አለቀሰች።

የባሏ ወንድም ቢያድግልኝ ጓሮውን ለባሕር ዛፍ ሲመኘው የኖረ ሰው ነው። ግንቦት ላይ ሽማግሌውን አባ ልየውን ይዞ መጣ።

«እቴ፣ መሬት ለአረም አይተውም። እኩል እንካፈለውና በየፊናችን እንሞክር። እስከ መስቀል ሰርዶውን ያጠፋ ጓሮውን ጠቅልሎ ይውሰድ።»

ይታክቱ ፈራች። እምቢ ብትል ግን ነገ ሌላ ሰበብ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። ደግሞም በርበሬ አስጥታበት የከረመ ሰሌን ስታነሳ ከሥሩ ሣሩ ገርጥቶ ማየቷ ትዝ አላት።

«ይሁን አያ፤ ዋስ ጥራ» አለችው።

ዝናቡ እንደ ጣለ ቢያድግልኝ በሬዎቹን ጠምዶ ድርሻውን ገለባበጠው፤ ጥቁሩን አፈር እያየም ፎከረ። እሷ ከየቤቱ ያረጀ ሰሌንና ጆንያ ለምና ሰርዶው ላይ አነጠፈች፣ በላዩም ገለባ ከመረችበት። መች የሚባለው የዱር አበባ የበቀለበትን ብቻ እየዘለለች ተወችው።

«አረሙ ይበርደዋል ብለሽ ነው?» ሲል ሳቀባት። «መቹስ ቢሆን አረም አይደል?»

«እሱ የንቦቼ እንጀራ ነው፣ አያ።»

ክረምቱን ሙሉ መንደሩ መሳቂያ አደረጋት።

መስቀል ሲደርስ አባ ልየውና መንደርተኛው ጓሮውን ሊያዩ ተሰበሰቡ። በቢያድግልኝ በኩል፣ ማረሻው የቆራረጠው ሰርዶ ቁራጩ ሁሉ ሥር ሰዶ ከበፊቱ በእጥፍ ለምልሞ ጠበቃቸው። ይታክቱ ሰሌኗን ገለጠች። ቢያድግልኝ አላምን ብሎ ጎንበስ አለና የገረጣውን ሰርዶ ሳበው፤ እንደ በሰበሰ ገመድ ተበጣጥሶ እጁ ላይ ቀረ። ዙሪያውን መቹ ቢጫ አበባውን አውጥቶ ንቡ ይተራመስበታል፤ ያ ባዶ ቀፎም አዲስ ንብ ገብቶበታል። ይታክቱ ደስታዋን መቻል አቅቷት እልል አለች፤ ሲስቁባት የከረሙት ሴቶችም ተቀበሏት።

«አባ፣ ይፍረዱ እንጂ» አለ ቢያድግልኝ አንገቱን ደፍቶ።

አባ ልየው በከዘራቸው መጀመሪያ የእሱን ድርሻ፣ ቀጥሎ የእሷን እያመለከቱ ፈረዱ፦ «ጓሮው የእሷ ነው፣ ልጄ፤ ሰርዶ ሲቆርጡት ይበዛል፣ ሲያለብሱት ይፈዛል።»