የማንጠግቦሽ ቁመት

ዝግባ ውሃ በምትባለው መንደር ለገና ታዛውን የማያስጌጥ ቤት የለም። የጥድ ቅርንጫፍ ከታዛው ቋሚ ጋር በቄጤማ ይታሰራል፣ ነጭ ፈትል ይጠመጠምበታል፤ አሁን አሁንማ ከከተማ የመጣ ባለ ቀለም አምፖልም ተጨምሮበታል። ጌጡ ግን መሬት አይደርስም። ከአዋቂ ሰው ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ቋሚው ራቁቱን ነው። እንግዳ የሆነ ሰው «ምነው፣ ጥዱ አነሳችሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ ደግነት የተረፈውማ ራሱ ቆርጦ ሊያሟላ ይነሣል። ያን ጊዜ ከቤቱ አንዱ እጁን ይይዘውና «ተወው፣ ታቹ የማንጠግቦሽ ነው» ይለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ መቼ ሲባሉ «ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን በነበረበት ዘመን» ከማለት አያልፉም። በዚያ ዘመን የሻረግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ማንጠግቦሽ ከምትባል አንድያ ልጇ ጋር ትኖር ነበር ይባላል። ገና በመጣ ቁጥር ታዛቸውን ተካፍለው ያስጌጡ ነበር፤ እናት ከላይ፣ ልጅ ደግሞ ከታች ቁመቷ እስከሚደርስበት። ማንጠግቦሽ በዘጠኝ ዓመቷ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ ትኩሳት ያዛትና በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የሻረግ አላለቀሰችም። ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷን አልነጨችም፤ ብዪ ሲሏት በላች፣ ተነሺ ሲሏት ተነሣች። እንዲህ ያለ ሐዘን ያስፈራል። የሚያለቅስ ሰው አይዞሽ ይባላል፣ የማታለቅስን ሴት ግን ምን ይሏታል? ጎረቤቶቿም እዝን ይዘው እየመጡ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር።

እንዲህ እያለ የገና ገሃድ ደረሰ። በዝግባ ውሃ ወግ ሐዘን ያለበት ቤት ታዛውን አያስጌጥም፤ ካስጌጠ ሐዘኑን አወጣ ማለት ነውና ከዚያ ወዲያ እዝን የሚያመጣለት፣ ለአርባው የሚሰበሰብለት ሰው የለም። የሻረግ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሆኖም ያን ጠዋት ተነሥታ ጥድ ቆረጠች፣ ቄጤማ አጨደች፣ ታዛዋን አስጌጠች ይላሉ። እዝን ይዘው የመጡት ሴቶች ከአጥሩ በር ላይ ሆነው ይህን ሲያዩ መሶባቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ። ቀትር ሳይሆን ወሬው መንደሩን አዳረሰ። የልጅቱ አርባ ከገና በኋላ በአምስተኛው ቀን ነበር፤ «እናቷ የረሳቻትን እኛ ምን ቤት ነን!» ተባለና የማንጠግቦሽ ተዝካር ያለ ሰው ሊቀር ሆነ።

ከሁሉ አብልጠው የተቆጡት የማንጠግቦሽ የክርስትና እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። ምላሳቸው ስለታም ነበር ይባላል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመጡ የሻረግን ታዛው ሥር ተቀምጣ አገኟት።

«የሻረግ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ታዛሽን አስጊጠሽ ምኑ ትይኛለሽ?»

የሻረግ ዞር ብላ ቋሚውን አየችው፤ የሰው ቤት የምታይ ትመስል ነበር አሉ። «እጄ ነው» አለች። «ገና ሲሆን ለምዶበት።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጥዱን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ። ጌጡ መሐል ላይ መቅረቱን ያዩት ያኔ ነው።

«ታቹንስ ምነው ተውሽው?»

«ታቹ የእሷ ነዋ» አለች የሻረግ።

ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ከጥዱ ላይ አነሡ። ወደ ቤታቸው ሄዱና የራሳቸውን ታዛ ጌጥ ከማንጠግቦሽ ቁመት በታች ያለውን ነቅለው ጣሉት። ምን መሆንዎ ነው ለሚላቸው ሁሉ የሻረግን ቃል ነገሩት። የሰማው ሁሉ ወደ ደጁ ተመልሶ እንዲሁ አደረገ።

በማግሥቱ የሻረግ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በየታዛው ከታች የተተወውን ባዶ እያየች አለፈች። ባዶው በየቤቱ ልክ የልጇን ቁመት ያህል ነበር፤ ማንጠግቦሽ በየደጁ የቆመች ያህል ሆነባት። አንዱ ደጅ ላይ ተቀመጠችና ከኅዳር ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ወጣላት። የማን ደጅ እንደነበር እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ሁሉም የእኛ ነው ይላል። ለአርባው ግን ዳሱ ለመጣው ሰው አልበቃም ይባላል።

የቁመቱ ልክ የተቀረጸበት የወይራ በትር ዛሬም በመንደሩ አለ፤ ለገና ከቤት ቤት እየዞረ ይለካበታል። እናቶችም ጌጡ ሲያልቅ ልጆቻቸውን ከባዶው ቋሚ ሥር የማቆም ልማድ አላቸው። አንዳንድ ዓመት የአንዱ ልጅ አናት ጥዱን ይነካል። እናትየው ያኔ እልል አትልም፤ ከልጇ ፀጉር ላይ የጥዱን ቅጠል ታነሣለታለች።