አለሁ የሚል ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ጉም የማይለየው አንድ ጫካ ነበር። ጉሙ ሲወርድ እናት ከጎኗ የቆመ ልጇን እንኳ አታይም። ነብር ደግሞ ጉም ይወዳል።

እንስሳቱ በየተራ እየተበሉ ሲያልቁ ዝሆን አንድ ነገር አሰበ። በእርጅና የሞቱት እንስሳት ቆዳ እየተተለተለ ረጅም ጠፍር ወጣው። ጠፍሩ ከየቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ በጫካው መካከል ወዳለው ዋርካ ተዘረጋ። ዋርካው ላይ በየጠፍሩ ጫፍ ጠጠር ያለበት ቅል ተንጠለጠለ። ነብር የሸተተው ጠፍሩን ይጎትታል፤ ቅሉ ይንኳኳል፤ ዝሆን የሌሎቹን ጠፍር ይስባል፤ ባለቀንዱም ባለኮቴውም ሮጦ ይደርሳል። ስሙን መጥሪያ አሉት። ጫካው ሁሉ ኑሮውን በመጥሪያው ላይ ጣለ።

ዝሆን አንድ ልማድ ነበረው። ጎህ ሲቀድ እያንዳንዱን ጠፍር ሳብ ያደርጋል፤ «አለህ ወይ?» ማለቱ ነው። ቤት ያለው መልሶ ሳብ ያደርጋል፤ «አለሁ» ማለቱ ነው። መልስ የጠፋበት ቤት ቶሎ መልእክተኛ ይላክለታል።

በጫካው ዳር፣ ነብር በሚመጣበት በኩል፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። የእሷ ጠፍር የተተለተለው ከእናቷ ቆዳ ነው። እናቷ ስትሞት «ቆዳዬ ልጅሽን ይጠብቅልሽ» ብላ ነበር። ጠዋት ጠዋት «አለሁ» የሚለው ውርንጭላው ነው። ጠፍሩን በጥርሱ ሳብ ያደርግና ይፈነጥዛል።

ዝሆን አረጀ፤ ጆሮው ደከመ። እንስሳቱን ዋርካው ሥር ሰበሰበና «ትናንት ቅል ተንኳኩቶ አልሰማሁም። ነገ ልጆቻችሁን አስበላለሁ። ሌላ አለቃ ተኩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ እመት ጦጣ ትሁን፤ ቋጠሮውን ሁሉ ያሰረችው እሷ ናት» አላቸው።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ አንበሶ፣ ጌታዬ፣ ጦጣ ብትሾም ነብር ይፈራል? ይስቅብናል እንጂ! አያ ጅቦ ይሾሙ። ስማቸው ብቻ ያስበረግጋል። ደግሞስ ውጭ ሆነው ከሚያስቸግሩን፣ ውስጥ ገብተው ቢጠብቁን አይሻልም?»

አንበሳ ነገሩ ጣመው። «አያ ጅቦ፣ ጠፍሩን ትጠብቃለህ?»

«ጠፍሩን?» አለ ጅብ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

ሌሎቹ የጅብን ጥርስ ሲያዩ አህያ ጉሮሮውን ታይ ነበር። «ጌቶቼ፣ እኔ እንኳ...» ብላ ጀመረች።

«እመት አህያ ደግሞ ስለ መጥሪያ ልታስተምረን ነው!» አለ ቀበሮ። «ጭነት ሲኖር እንጠራሻለን፣ እሺ?»

እንስሳቱ ሳቁ። አህያ ጆሮዋን ጣለች። ውርንጭላዋም ከሆዷ ሥር ተሸሸገ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እነዚህ ግን እያወቁት፣ እሱም ሳይጠይቃቸው፣ አነጠፉለት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠፍሩ አልተሳበም። ውርንጭላው አጠገቡ ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ዝም።

«እማ፣ ዛሬ ረሱን?»

ረፈድ ሲል ቀበሮ እያፏጨ መጣ። «አዲስ ትእዛዝ ነው። የጠዋቱ ጥሪ ቀርቷል። አለቃችን ከንቱ ድካም አይወዱም። ነብር ሲመጣ ብቻ ጎትቺ። ያለ ፈቃድም ዋርካው ሥር ዝር እንዳትዪ።»

«ታዲያ ጠፍሩ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ካልተንኳኳ ደህና ነው፣ እመት አህያ። ዝምታ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ጢሙ ላይ የጅግራ እንቁላል አስኳል ደርቆበት ነበር። አህያ አየችው፤ ለካ ዝምታው የተመቸው አለ።

ክረምቱ ገባ፤ ጉሙ ወፈረ። አንድም ቅል አልተንኳኳም። እንስሳቱ ሲገናኙ «አያ ጅቦ ከተሾሙ ወዲህ ነብር አገር ጥሎ ጠፋ!» ይባባላሉ። በዚያ ክረምት በጉሙ ርቆ መሰማራት ስላልተቻለ የሁሉም ጎን አጥንት ወጥቶ ይታይ ነበር። የጅብ ሆድ ብቻ ተነፋ። አህያ ይህን አስተዋለች።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ከደጃፋቸው ላይ በተኛበት ሰዓት፣ ውርንጭላው መጠበቅ ሰለቸው።

«እማ፣ እነሱ ካልጠሩን እኔ ልጥራቸው?»

ተው ሳትለው ጠፍሩን ነክሶ ሳበ። ጠፍሩ መጣ። ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ መጣ። ምንም ክብደት የለውም። እየተጎተተ እየተጎተተ ጫፉ እግራቸው ሥር ደረሰ። ጫፉ እርጥብ ነው፤ የጥርስ ምልክት አለበት። አህያ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የእናቷን ጠረን ፈለገች። የሸተታት የጅብ ምራቅ ነበር።

«እማ፣ እኔ ነኝ የበጠስኩት?»

«አይደለህም። ድምፅህን አታሰማ። ከጎኔ እንዳትለይ።»

ወደ ጎረቤቷ ወደ ሚዳቋ ቤት ሄደች። «እህቴ» አለች ደጃፉ ላይ ቆማ በሹክሹክታ፣ «አለሽ?»

አንገቷን አስገብታ አየች። ሚዳቋም ግልገሏም የሉም። ቤቱ መሀል ግን ጠፍር ተቆልሏል። ሚዳቋ ጎትታለች። የሚደርስላት ስታጣ ደግማ ጎትታለች። የምትጎትተው እስኪያልቅ ድረስ ጎትታለች። ከክምሩ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ፣ የነብር ዳና አለ። ዳናው ገና ውሃ እንኳ አልቋጠረም።

አህያ የጠፍሩን ጫፍ ነክሳ ወደ ዋርካው መጎተት ጀመረች። ከኋላዋ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንድ ኮቴ የሌለው እግር ይረግጣል። ስትሄድ ይሄዳል። ስትቆም ይቆማል። ውርንጭላዋ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል በአፍንጫዋ ገፋችው። መሮጥም ፈራች፤ መዘግየትም ፈራች።

ዋርካው ሥር አንበሳና ጅብ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ እንስሳት ከበዋቸዋል፤ ቀበሮ ያወራል። «ጸጥታውን ይስሙልኝ ጌታዬ! እንዲህ ያለ ሰላም በዝሆን ዘመን ነበር?»

አህያ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። «ያለ ፈቃድ?» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። አህያ ጠፍሩን አንበሳው ፊት ጣለችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አንበሳ።

«የሚዳቋ ነው ጌታዬ። ጠፍሩ አለ፤ እሷ የለችም።»

የጅብ ዓይን ጠፍሩ ላይ ተተከለ። ቀበሮ እግሩን ረገጠው። ጅብ ፊቱን ወደ ዋርካው አዞረ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ዞረ።

«ጫፉን ብቻ... ላሽትተው» አለ።

ከዚያ በኋላ ዋርካው ሥር የተሰማው የጅብ ጥርስ ቆዳውን ሲፈጭ ብቻ ነበር፤ ቆርጠም፣ ቆርጠም። እንስሳቱ ቀና ብለው ወደ ቅሎቹ አዩ። ከየቅሉ ሥር የአይጥ ጅራት የምታህል የጠፍር ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ከአንደኛው ቅል ሥር ግን ያችም የለችም።

ቀበሮ ያን ቅል ሲያይ ራሱን ረሳ። «የእኔንም? የእኔን እንዳትነካ ብዬህ አልነበረም?»

«ያንተማ የመጀመሪያው ነው» አለ ጅብ አፉን እየላሰ። «ቅርብ ነበር።»

ያኔ አህያ አንድ ነገር ልብ አለች። ያ ከኋላዋ ሲከተላት የነበረው እግር አይሰማም። «ነብሩ ሲከተለኝ ነበር፤ አሁን ግን ዞሯል!» አለች፤ ወዴት እንደ ዞረ ማንም አላየም። የቀበሮ ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

ቀበሮ ወደ ጉሙ ዘሎ ገባ። እንስሳቱ የተናገረውን ትተው ሊረዱት ተከትለውት ሮጡ፤ ጉሙ ግን በታተናቸው።

አንበሳ ጅብን ከጫካው አባሮ እመት ጦጣን ሾመ። ጦጣዎቹም ጅብ የማይበላውን ሐረግ መግመድ ጀመሩ። ሐረጉ ለሁሉም ቤት የሚደርሰው ግን አደይ ሲፈነዳ ነው። እስከዚያው በድምፅ እንጠራራ ተባለ። በዚያው ዕለት ወደ ማታ፣ ከቤት ወደ ቤት ጥሪው ተጀመረ።

«እመት አህያ፣ አለሽ?»

«አለሁ!» አለ ውርንጭላው ከእናቱ ቀድሞ፣ ጫካው እስኪያስተጋባ። አህያ አንገቷን በአንገቱ ላይ ጣለች።

ተራው የሚዳቋ ቤት ሲደርስ ሳይጠሩ አለፉ። ከዚያ «ቀበሮ፣ አለህ?» አሉ።

ከጉሙ ውስጥ የቀበሮ ድምፅ መጣ። ለጥሪው መልስ ግን አይደለም፤ እሱም እየሮጠ ይጣራል። «ልጆቼ፣ አላችሁ? ልጆቼ!»

እንስሳቱ ሁሉ ጆሮአቸውን ቀስረው ጠበቁ። ጉሙ ዝም አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንጣራበትን ገመድ ለሚበላው አለቃ ከሰጠን በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ሰላም ሳይሆን፣ የሚጮኸው ሰው ድምፅ አለመሰማቱ መሆኑን ነው።