ከስቶ ለመትረፍ የሮጠው ሙክት

ተረት ተረት፣ የሙክት በረት በሉኝ።

ለፋሲካ የሚቀለብ አንድ ሙክት ነበረ። ጾሙ ሲጋመስ ባለቤቱ ወገቡን ዳብሶ፣ «ትንሽ ይቀረዋል» ሲል ሰማ። ከስቶ ለመትረፍ ብሎም ግቢውን እየዞረ መሮጥ ጀመረ። ሁለት ዙር ሳይሞላ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ጭኑም ተፋፍቆ ተላጠ።

በግቢው የነበረች አንዲት ከሲታ አህያ፣ «ወንድሜ፣ ሩጫ እኮ ያስርባል» አለችው።

«እችለዋለሁ» አላት እያለከለከ።

አልቻለውም። ሮጦ በተመለሰ ቁጥር ድሮ የሚያስተርፈውን ፉርሽካ ጠራርጎ ይልሳል። እየበላ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይበላል።

በሆሳዕና ባለቤቱ ወገቡን ቢዳብሰው ጣቱ ሰጠመ። «እምቢ ያለውን ሆዱን ሩጫው ከፈተለት» አለ ለሚስቱ።

በማግስቱ ሙክቱ ተስፋ ቆርጦ ተኛ። ባለቤቱ አለንጋ ይዞ መጣና አስነሥቶ ያስሮጠው ጀመር።