የአትጠገብ ቤት

ከጣና በስተሰሜን፣ ወንበርጌ በምትባል መንደር፣ ከኮረብታ ጎን ተፈልፍሎ የተሠራ የወይን ጠጅ ማኖሪያ አለ። አሥራ ሰባት የድንጋይ ደረጃ ተወርዶ ሲገባ አሥራ ሁለት ጋን የሚይዝ ሰፊ ክፍል ይገኛል። ግድግዳው ሁሉ ልስልስ ተደርጎ የተጠረበ ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ ግን ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ በጉልበት የተቦደሰ የሚመስል ቀዳዳ አለ። የአገሩ ሰው ማኖሪያውን የአትጠገብ ቤት ይለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ በድሮ ዘመን በወንበርጌ ጓዴ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሚስቱ አትጠገብ ከወይን ተካዮች ቤት የተወለደች ነበረችና፣ ስትዳር ይዛው የመጣችው የወይን ቁራጭ ጸድቆ ኮረብታውን አለበሰው። ልጅ ስላልወለዱ ወይኑን እንደ ልጅ ያሳድጉት ነበር ይባላል። ነገር ግን የጣለችው ጠጅ በየዓመቱ ሙቀት እየበረታበት ይኮመጥጣል፤ እሷም የተበላሸውን ደፍታ ጋኑን ስታጥብ ፊቷን ከባሏ ትሸሽጋለች። ጓዴ ይህን ማየት አልቻለም። አንድ ቀን መሮና መዶሻውን አንሥቶ፣ «ሙቀት የማይደርስበት ቤት እሠራልሻለሁ» አላት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለፈለ። ሲጨርስ አትጠገብ ወርዳ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረችና ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ጓዴ፣ መተንፈሻ አልተውክለትም እኮ። አባቴ ቤት ጠጁ የሚፈላበት ክፍል መስኮት ነበረው።»

«አየር ከገባማ ሙቀቱም ይገባል። ታዲያ ምኑን ለፋሁት?»

«እኔ እንጃ፣ ምክንያቱን አላውቀውም። ብቻ ነበረው።»

«በሥራዬ አትግቢብኝ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ በእጁ ሥራ ኮርቶ እንጂ። እሷም ፈገግ ብላ ተወችው። ጓዴ በሩን ከወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ገጠመና ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ መረገው።

ወይኑ ደርሶ ተጨምቆ አሥራ ሁለቱም ጋን ሞላ። በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አትጠገብ «አፈላሉን አይቼ ልምጣ» ብላ ወረደች። ከደጅ ድንጋይ ሲጠርብ የነበረው ጓዴም፣ «በሩን ዝጊው፣ ሙቀት እንዳይገባ» አላት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ስትዘገይበት ተጣራ። መልስ ሲያጣ ጧፍ ይዞ ሮጠ፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጧፉ ያለ ነፋስ ጭልም ብሎ ጠፋ፤ እሱም ተዘርሮ ወደቀ። ጎረቤቱ አያ ደርሶ ሮጠው መጡና እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። ነፍሱ መለስ ሲል እንደገና ሊገባ ታገላቸው፤ አልለቅህ ቢሉት ኮረብታው ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ዓመት የለፋበትን ጣሪያ ከላይ በመዶሻ ይደበድብ ጀመር፤ እያለቀሰና ስሟን እየጠራ በሳው። ከሚፈላው ጠጅ ተነሥቶ ታፍኖ የነበረው ክፉ አየር ወጥቶ ሰዎች ሲወርዱ፣ አትጠገብን ጋን ተደግፋ እንደ ተኛች አገኟት።

ለአርባዋ የቀረበው ያው ጠጅ ነበር። እንዲያ ያለ ጠጅ ወንበርጌ ቀምሳ አታውቅም ይባላል፤ የጠጣው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አያ ደርሶ ዋንጫ ሞልተው፣ «ቅመሰው እንጂ ልጄ፣ የእጇ ሥራ ነው» አሉት። ጓዴ ከከንፈሩ አስነካና፣ «አልኮመጠጠም» አለ። ዋንጫውን አስቀመጠው፤ ዳግመኛም አላነሳውም።

በኋላ ሰዎች ቀዳዳውን አስተካክሎ እንዲጠርበው ቢመክሩት፣ «ስትጠይቀኝ ቢሆን አሳምሬ እሠራው ነበር» ብሎ እምቢ አለ ይባላል።

ዛሬም በወንበርጌ ጠጅ በሚፈላበት ሰሞን ወደ ጉድጓዱ ዘው ብሎ የሚገባ የለም። በሸንበቆ ጫፍ የበራ ጧፍ ይቀድማል። ጧፉ ሳይጠፋ ቢቆይ እንኳ አባወራው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ «ግቡ» እስክትል ድረስ ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።