የአይጦቹ ፍም

ተረት ተረት! የአይጦች ቤት!

በአንድ የጭድ ክምር ውስጥ የሚኖሩ አይጦችን ድመት መግቢያ መውጫ አሳጣቻቸው። አንድ ቀን ፎካሪው አይጥ ከጎረቤት እሳት ጫረ፤ ፍሙንም በገል ይዞ መጥቶ ክምሩ መሀል አስቀመጠው።

«ድርሽ ትበል ብቻ፣ ጭዱን አቀጣጥልና አብረን እናልቃለን!» ሲል ደነፋ።

ድመቷም ሰምታ «ኧረ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ነፋስ እንዳይገባባችሁ» ብላ ራቅ አለች። አይጦቹ እልልታውን አቀለጡት።

ትንሽ ቆይቶ ነፋስ ሽው ሲል ፍሙ ቦግ አለ። አራሷ አይጥ «እኔስ ልጆቼን ይዤ ውጭ ብተኛ ይሻለኛል» ብላ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። በመጨረሻ ፎካሪው ራሱ ገሉን ትቶ ሹልክ አለ።

ድመቷ ደጅ ተቀምጣ ነበር።

«ምነው፣ በሰላም ነው?» አለቻቸው።