በተርቦ ላይ የመጣች ጣውንት

ተረቴ ዳገት ላይ ቆማለችና፣ የምትሰሙኝ ሁሉ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጉልኝ።

በኮምቦልቻ ሸዋንግዛው የሚባል ሰው ነበረ። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ሳይንቀራፈፍ መውጣት። መኪናው ተርቦ ነበራት። ተርቦዋ በሞተሩ ጭስ እየዞረች ለሞተሩ አየር ትነፋለች። ሜዳ ላይ ማን ብሏት! ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን እንቅልፏን ጨርሳ እስክትነሳ ድረስ የጭነት መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፈዋል። ሸዋንግዛው ወደ ጋራዥ ሄዶ፣ «በሞተሩ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ የምትዞር ሱፐርቻርጀር ጨምርልኝ፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትንፋ» አለ። መካኒኩ ኑሩ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ነፊ አይበዛም?» ቢለው መች ሰምቶት! ተገጠመች።

በማግስቱ መንገድ ወጣ። ለአንድ ልጁ ለያሬድ ሚስት የሚጠይቁለትን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሼህ ይማምንና መሪጌታ ወርቅነህን፣ ከኋላ አስቀምጦ ወደ ደሴ ወደ ልጅቷ ወደ ትርንጎ አባት ቤት እየወሰደ ነበር። ያንኑ ጠዋት ከሌላ ቤትም ሽማግሌ እንደሚመጣ ተሰምቷል። ለተቀደመ ወዮለት!

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ መኪናዋ አስነጠሰች፣ አሳለች፣ እንፋሎቷን ለቀቀችና ቀጥ አለች። ሸዋንግዛው ኮፈኑን ከፈተ።

«ተርቦ፣ ንፊ እንጂ! ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

ተርቦ አኩርፋለች። «በላዬ ላይ ጣውንት አምጥተህብኝ? ወይ ፍንክች! ያቺ ሽቅርቅር ትንፋልህ። አልነፋም።»

«ሱፐርቻርጀር፣ እንግዲያው አንቺ ንፊ! ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

«እኔ ትናንት የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ቺንጋው ሳያዞረኝ በምኔ ልንፋ? አልነፋም።»

«ቺንጋ፣ አዙራት! ሱፐርቻርጀር አልነፋም ብላ፣ ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

«እኔ ምን አቅም አለኝ፤ ሲስቡኝ የምሄድ የጎማ ቀበቶ ነኝ። ሞተሩ ይሳበኝ። አላዞርም።»

«ሞተር፣ በፈጠረህ ሳበው! ቺንጋ አላዞርም ብሎ፣ ሱፐርቻርጀር አልነፋም ብላ፣ ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

ሞተሩ እየፈላ ነበር። «ሁለት ነፊ ጭነህብኝ፣ አንጀቴን አቃጥለህ፣ ደግሞ ሳብ ትለኛለህ? መጀመሪያ ራዲያተሩ ያብርደኝ። አልስብም።»

«ሸዋንግዛው፣ ምን ሆነ?» አሉ ሼህ ይማም በመስኮት።

«ምንም አልሆነ አባቴ! ተኳርፈው ነው!» አለና ወደ ራዲያተሩ ጎንበስ አለ። «አንተስ? አብርደው! ሞተር አልስብም ብሎ፣ ቺንጋ አላዞርም ብሎ፣ ሱፐርቻርጀር አልነፋም ብላ፣ ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

«ነፋስ ሳይመታኝ በምን ላብርደው? ነፋሱ ይግባ። አላበርድም።»

ሸዋንግዛው አሁን ራሱን ይዞ ወደ ሰማይ ጮኸ። «ነፋስ፣ ግባ! ራዲያተር አላበርድም ብሎ፣ ሞተር አልስብም ብሎ፣ ቺንጋ አላዞርም ብሎ፣ ሱፐርቻርጀር አልነፋም ብላ፣ ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት ሊያጣ ነው!»

ነፋሱ ከባሕር ዛፉ ጋር ይጫወት ነበር። «ለቆመ መኪና አልመጣም። እየሮጠች ትምጣ። አልገባም።»

መኪናዋም ሳትጠየቅ መለሰች። «ሽቅብ ማን ይሮጣል? ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ የሚገፋኝ አምጣ። አልሄድም።»

ሸዋንግዛው በሩን ከፍቶ እጅ ነሳ። «አባቶቼ፣ እባካችሁ ግፉልኝ!»

መሪጌታ ወርቅነህ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ነጭ ለብሰን? እዚህ አውራ ጎዳና ላይ? ያየን ሰው ምን ይለናል?» ሼህ ይማምም ጨመሩ፤ «ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ መኪና አይገፋም።»

በዚህ ጊዜ ሸዋንግዛው አስፋልቱ ዳር ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠና አንጎራጎረ። ሽማግሌ አንገፋም ብለው፣ መኪና አልሄድም ብላ፣ ነፋስ አልገባም ብሎ፣ ራዲያተር አላበርድም ብሎ፣ ሞተር አልስብም ብሎ፣ ቺንጋ አላዞርም ብሎ፣ ሱፐርቻርጀር አልነፋም ብላ፣ ተርቦ አልነፋም ብላ፣ ዳገቱ አልወጣ ብሎኝ፣ ልጄ ሚስት አጣ! ያሬድ ከዚህች ልጅ ሌላ አላገባም ብሏል። አባት ሆኖ በአንዲት መኪና ምክንያት የልጁን ዕድል ማበላሸቱ እንደ እሳት አንገበገበው።

ያን ጊዜ አንዲት የታጠበች ነጭ መኪና በአጠገባቸው አለፈች። ውስጧ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሞልተዋል። እጃቸውን አንስተው በትሕትና ሰላም አሉና ዳገቱን ጀመሩት።

መሪጌታ ከዘራቸውን መኪናዋ ውስጥ ወረወሩ። «እነዚህማ አይቀድሙንም!»

«ቢስሚላህ! በል ያዝ!» አሉ ሼህ ይማም ጋቢያቸውን እየታጠቁ።

ሸዋንግዛው ዘሎ መሪውን ያዘ። ሽማግሌዎቹ ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ገፉ፣ መኪናዋ ሄደች፣ ነፋሱ ገባ፣ ራዲያተሩ አበረደ፣ ሞተሩ ሳበ፣ ቺንጋው አዞረ፣ ሱፐርቻርጀሯ ነፋች። ተርቦም ይህን ስትሰማ ቅናት ጨጓራዋን ላጠውና፣ «እኔ እያለሁ?» ብላ ከእሷ አብልጣ ነፋች!

ሸዋንግዛው ከታች ዞሮ ሲመለስ ለማቆም አልደፈረም፤ ካቆመማ ሁሉም መልሰው ሊያኮርፉ ነው። «አባቶቼ፣ ዝለሉ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ አዛውንት እየሮጡ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ተንጠልጥለው ገቡ። ዳገቱ ቀለጠ። ነጯንም መኪና ጥሩንባ እየነፉ አለፏት።

አቶ ጌታነህ፣ የትርንጎ አባት፣ በሩን ሲከፍቱ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመዋል፤ ጉዳዩ ሳይነገር አይቀመጥምና። ነጩ ጋቢ ጭቃ ነክቶታል፣ እጃቸው በመኪናዋ ቅባት፣ በግራሶ፣ ጠቁሯል።

«እጃችሁን ምን ነካው?»

መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ። ሼህ ይማም ግን፣ «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ስንመጣ መኪናው ቆመብን፤ ገፋነው» አሉ።

«በዚህ ዕድሜያችሁ?»

«ምን እናድርግ፤ ልጁ ይወዳታል።»

በደንቡ ለመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ የሚሰጠው ቀጠሮ ነው። አቶ ጌታነህ ግን እነዚያን ጥቁር እጆች ጥቂት አዩና፣ «ልጄ ነገ ዳገት ቢገጥማት ቆማችሁ አታዩዋትም። ሰጥቻለሁ፣ ግቡ ተቀመጡ» አሉ።

ሸዋንግዛው እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምሳ ቀረበ፣ ተመረቀ፣ ተሳቀ። ከውጭ ሞተሩ እየጮኸ ነበር፤ ሄዶ ለማጥፋት የደፈረ ግን አልነበረም።