አያ ምናሉና የደጃዝማቹ የምግባር ብር

የሰማነውን ነው የምንናገረው፤ የተጨመረበት ቢኖር የጨመረው ከእኛ በፊት ያወራው ነው።

ከጀማ ወንዝ ወዲህ ደጃዝማች ዘውገ የሚባሉ ገዢ ነበሩ። አንድ ዓመት «የአገሩ ጠባይ ከፋ» አሉና መላ ፈለጉለት። አንጥረኛውን አጎናፍርን አስጠርተው፣

«ጠገራ ብር አቅልጠህ የምግባር ብር ሥራልኝ። በአንዱ ቸርነት፣ በአንዱ ፍርድ፣ በአንዱ ትሕትና፣ በአንዱ እውነት ይቀረጽ። ገበያ አይወጣም፤ ሰው ሣጥኑ ውስጥ አኑሮ እያየ ይታረምበት። እስከ መስቀል አምሮ ካልደረሰ ግን ወናፍህን ተሸክመህ ከአገሬ ውጣ» አሉት።

አጎናፍር ርስት የለውም። ቤቱም የአባቱ መቃብርም በደጃዝማቹ መሬት ላይ ነው። ፊደልም አይለይ። ጎረቤቱ አያ ምናሉ ዘንድ ሄደ። አያ ምናሉ ደጃዝማቹን በማሳቅ የሚኖር፣ አንዳንዴም አስቆጥቶ የሚያመልጥ ሰው ነው።

«አያ ምናሉ፣ አለቀልኝ።»

«ገና ምኑ ተጀመረና!» አለው።

መጀመሪያ የቸርነት ብር ተሠራ። አጎናፍር የደጃዝማቹን መልክ አሳምሮ ቀረጸ፤ እጃቸው ላይ ሲደርስ ግን ሲያየው የኖረውን ነውና ጭብጥ አድርጎ ሠራው። ደጃዝማቹ አዩና ደማቸው ፈላ።

«ቸርነት ብዬ የጨበጠ እጅ ታመጣልኛለህ? ምነው አልዘረጋኸውም?»

አያ ምናሉ ከአጎናፍር ኋላ ብቅ አለና፣

«ጌታዬ፣ ዘርግቶትስ ነበር፤ ያየው ሁሉ ‹ይሄ ደግሞ ማነው?› እያለ ቢያስቸግረው መልሶ ጨበጠው» አለ።

ደጃዝማቹ ሳይወዱ ሳቁ። የቸርነቱ ብር እንዳለ ይሁን ተባለ።

ቀጥሎ የፍርድ ብር መጣ። በአንደኛው ፊት ከሳሽ፣ በሌላኛው ፊት ተከሳሽ ቆሟል። የደጃዝማቹ ዳኛ ግራዝማች ሣህሉ ከከሳሽ በግ፣ ከተከሳሽ ማር የሚቀበል ሰው ነበርና ብሩን አገላብጦ አይቶ ኮራ አለ።

«ዳኛ የሌለው ፍርድ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? እኔስ የት አለሁ?» ብሎ አጎናፍርን በከዘራው ጎሰም አደረገው።

አያ ምናሉ ነው የመለሰው፦

«እርስዎን መቅረጽ ምን ያስፈልጋል፣ ግራዝማች? ብር ካለበት መቼ ጠፍተው ያውቃሉ!»

የትሕትናን ብር የደጃዝማቹ ባለቤት ወይዘሮ የሻሽወርቅ «የኔ መልክ ነው የሚገባው» አሉ። አጎናፍር ቀረጸ። «አነሰ» አሉ። አተለቀው። «ሹሩባዬ የታለ?» አሉ። ጨመረ። «ድሪዬስ?» ድሪውንም ጨመረ። በመጨረሻ ብሩ በወይዘሮዋ ጢም ብሎ ሞላና ለፊደሉ ቦታ ታጣ።

«‹ትሕትና› የሚለው ጽሑፍ ወዴት ሄደ?» ብለው ጮኹ።

አያ ምናሉ እጅ ነሣና፣

«እመቤቴ፣ ቦታውን ለእርስዎ ለቃ ወጣች። ያው ትሕትና አይደለች!» አለ።

ከቸርነቱ ብር አንዱን ደጃዝማቹ ለራሱ ለአያ ምናሉ ሸልመውት ነበር። ውሎ ሳያድር ገበያ አውጥቶ እህል ሸመተበትና አልጋ ላይ ለዋለች ጎረቤቱ ሰጠ። ነገር አቀባይ ነገረበት። ደጃዝማቹ አስጠሩት።

«አኑረው አላልኩህም?»

«አኑሬውማ ነበር፣ ጌታዬ። ቸርነት ሣጥን ውስጥ ስትሰነብት ስስት እንዳትሆንብኝ ፈርቼ ነው ያወጣኋት።»

የቀረው እውነት ነበር። በማተሚያው ብረት ላይ ፊደል ወደ ኋላ ዞሮ ካልተቀረጸ ብሩ ላይ ቀጥ ብሎ አይወጣም። እስከዚያ ድረስ አንድ ደብተራ እያዞረ ይጽፍለት፣ አጎናፍርም ያንኑ ይቀርጽ ነበር። ለዚህኛው ግን ደብተራው ለቅሶ ሊደርስ ሲጣደፍ «እውነት» የሚለውን ሳያዞር ጽፎለት ሄደ። አጎናፍርም እንዳለ ቀረጸው። ብሩ ሲመታ እውነት የተገላቢጦሽ ወጣች። እሱ በምን ይወቅ!

የመስቀል ለት በደጃዝማቹ የግብር ድግስ ላይ ብሩ ከታች ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ወደ ደጃዝማቹ ወጣ። ፊደል የቆጠረው ሁሉ ተመለከተ።

«እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው!» አለ አንዱ።

«ጥርት ያለ! ዓይን ያበራል» አለ ሌላው።

ግራዝማች ሣህሉማ ብድግ ብሎ፣ «እንዲህ ቀጥ ያለ ፊደል ከተወለድኩ አላየሁም» አለና ተቀመጠ።

ደጃዝማቹ ተቀብለው አዩ። ደግመው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ የተገላቢጦሽ ነው! አጎናፍር፣ ወናፍህን አንሣ!»

አጎናፍር ዓይኑን ወደ አያ ምናሉ ላከ። ደጃዝማቹም አዩት።

«አንተስ? ዛሬም አፍ አለህ? ለዚህ መልስ ካለህ፣ ዘውገ ይሙት፣ ቦታው ለአጎናፍር የልጅ ልጅ ይሁን። ከሌለህ አብረኸው ትወጣለህ።»

የአጎናፍር የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው መሬት ላይ ብር ያነጥራሉ። ያስቀረቻቸው አያ ምናሉ ያን ለት የመለሳት ቃል ናት፦

«ጌታዬ፣ እውነትን የምታሳይ ብር አይደል ያዘዙት? ይኸው በአንድ ዙር የግብርዎን ውሸታም ሁሉ ለቅማ አወጣችልዎ። ቀጥ ብላ ብትመጣ ኖሮ ማንን ትይዝልዎ ነበር?»